ራስ የሌለው ዓሣ

«ዓሣ ግማቱ ከአናቱ» የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን። የምንተርተው ግን ስለ ዓሣ አይደለም፤ ስለ አለቃ ነው። መሥሪያ ቤቱ ሲበላሽ፣ ማኅበሩ ሲፈርስ፣ የዕድሩ ገንዘብ ሲጎድል «ምን ይደረግ፣ ዓሣ ግማቱ ከአናቱ!» ብለን እንገላገላለን። እስቲ ለዛሬ አለቆቹን እንተዋቸውና ተረቱን እንደወረደ እንውሰደው። ይህን ተረት መጀመሪያ የተረተው ሰው መቼም ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ አልነበረም፤ ገበያ ዳር ቆሞ ዓሣ እየመረጠ ሳይሆን አይቀርም። ዓሣ የሚያውቅ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ጭንቅላቱን ነዋ! ዐይኑ ጎላ ብሎ ጥርት ካለ ትኩስ ነው፤ ጎድጉዶ ጭጋግ ከለበሰ ሰንብቷል። የጉንጩን ክዳን ገለጥ ሲያደርጉት ከሥሩ ያለው መተንፈሻው ደም የመሰለ ቀይ ከሆነ ይገዛል፤ ወደ ቡናማና ወደ ግራጫ ካደላ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ነው ገላውን በጣት ጫን ማድረግ የሚመጣው። የተጫነው ቦታ ተመልሶ ከሞላ እሰየው፤ እንደ ጭቃ ጎድጉዶ ከቀረ ግን ዓሣው የትናንት ወዲያ ነው። በመጨረሻ ይሸተታል። ትኩስ ዓሣ ሐይቅ ሐይቅ ይላል እንጂ «ዓሣ ዓሣ» አይልም።

ይህ ሁሉ እውቀት ግን የሚሠራው ዓሣው ጭንቅላት ሲኖረው ነው። ነገሬም እዚህ ላይ ነው። በአዲስ አበባ ምግብ ቤት ገብታችሁ ጭንቅላት ያለው ዓሣ የቀረበላችሁ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ ነው? ሙሉውን ጠብሰው ከነዐይኑ የሚያቀርቡ ቤቶች የሉም አልልም፤ አሉ፤ እግዜር ይስጣቸው። አብዛኛው ሜኑ ግን ዓሣ ጉላሽ፣ ዓሣ ኮተሌት፣ ዓሣ ፊሌቶ፣ ዓሣ ዱለት፣ ዓሣ ሾርባ እያለ ይወርዳል። ሁሉም ተከትፎ፣ ተቆራርጦ፣ ዱቄት ለብሶ ወይም በቲማቲም ተደፍቆ የሚመጣ ነው። የዓሣው ዘር አልተጻፈም። ሐይቁ አልተጻፈም። የተያዘበት ቀን አልተጻፈም። «ዓሣ» ብቻ! ሜኑው በመስከረምም በሚያዝያም ያው ነው።

እኛ እኮ ምግባችንን የማንጠይቅ ሰዎች አይደለንም። ሉካንዳ ስንገባ የሐረር ሰንጋ ነው የቦረና ብለን እንጀምራለን፤ ሻኛ፣ ታላቅ፣ ጎድን፣ ንቅል እያልን ሥጋ ቆራጩን እናስጨንቃለን። ቅቤ ስንገዛ በጥፍራችን ጫፍ ቆንጥረን እናሸታለን። ማር ስንገዛ የየት አገር፣ የምን አበባ እንላለን። ቡናውንማ ተዉት! ዓሣ ላይ ስንደርስ ግን ምላሳችን ይታሰራል። አንድ ቀን ስሙን የማልጠቅሰው ምግብ ቤት ገብቼ አስተናጋጁን፣

«የየት ዓሣ ነው?» አልኩት።

«የኛው ነው ጋሼ።»

«ቆሮሶ ነው አምባዛ?»

«ፊሌቶ ነው ጋሼ።»

ልጁ አልዋሸም። ወጥ ቤት የገባው ፊሌቶ ነው፤ ከወጥ ቤት የወጣውም ፊሌቶ ነው። ከዚያ በፊት የነበረውን ታሪክ የነገረው የለም። እሱም የሚጠይቀው ደንበኛ ገጥሞት አያውቅም መሰለኝ፣ በጥያቄዬ ተገርሞ ነው የሄደው።

አንድ ነገር ግን በእኛ በኩል ልብ ይባልልን። ዓሣ ለደጋው ሰው የእንግዳ ምግብ ነው። ዓለም በነፍስ ወከፍ በዓመት 20 ኪሎ ገደማ ዓሣ ሲበላ እኛ አንድ ኪሎ እንኳ አንሞላም። ባሕሩም ከእጃችን ርቋል። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት እስኪጀመርና ድንበሩ እስኪዘጋ ድረስ የምጽዋና የአሰብ ዓሣ እንደ ጎረቤት ዕቃ ነበር። ከዚያ ወዲህ የባሕር ዓሣ የምንለው በአብዛኛው በረዶ ሆኖ ከውጭ የሚመጣው፣ ያም ካልሆነ በቆርቆሮ የታሸገው ሰርዲንና ቱና ነው። የሚቀርበን የሐይቅ ዓሣ ነው፤ የዝዋይ፣ የሐዋሳ፣ የአባያና የጫሞ፣ የላንጋኖ፣ የጣና። ስለዚህ ያለመጠየቃችን አንዱ ምክንያት ያለማወቃችን ነው። ሌላው ምክንያት ግን ፊሌቶው ራሱ ነው። ፊሌቶ ጭንቅላቱ የተቆረጠ ምስክር ነው። ዐይን የለው፣ ጉንጭ የለው፣ ቅርፊት የለው። አምባዛ ይሁን ናይል ፐርች፣ የዛሬ ይሁን የዛሬ ሳምንት፣ ዱቄት ከለበሰ በኋላ ለይቶ የሚምልበት ማን ነው?

ሐዋሳ አሞራ ገደል የሄደ ሰው ይህን በዐይኑ ያያል። ጀልባዎቹ በጠዋት ይገባሉ፤ ልጆቹ ቢላዋቸውን ስለው እየተቀባበሉ ይገፍፉታል። ከአንድ ኪሎ ቆሮሶ የሚገኘው ጥሩ ፊሌቶ ሲሶ ቢሆን ነው። የቀረው ጭንቅላትና አጥንት እዚያው ይቀራል፤ አባ ኮዳዎቹም ተሰልፈው ይቀራመቱታል። እንግዲህ አስቡት፣ ምስክሩን አባ ኮዳ በልቶት ነው ዓሣው ወደ አዲስ አበባ ጉዞ የሚጀምረው።

ጉዞውም ቀላል አይደለም። ከዝዋይ 160፣ ከሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከአርባ ምንጭ ደግሞ ከ430 ይበልጣል። የዓሣ ሳይንስ የሚለው ደንብ አጭር ነው፤ በእንደኛ ዓይነቱ ሞቃት አገር ለአንድ ኪሎ ዓሣ አንድ ኪሎ በረዶ። በበረዶ በደንብ የተያዘ ቆሮሶ ከሳምንት በላይ ሊቆይ ይችላል፤ ያለ በረዶ በሙቀት የዋለ ግን በአንድ ቀን ውስጥ ያበቃለታል። በረዶ ደግሞ ዋጋ አለው፤ ቦታም ይይዛል። አንድ ኪሎ በረዶ በጫናችሁ ቁጥር አንድ ኪሎ ዓሣ ልትጭኑ የምትችሉበትን ቦታ ለቀቃችሁ ማለት ነው። ነጋዴው እዚህ ላይ ሒሳብ ይሠራል። የሒሳቡ ውጤት ምን እንደሚሆን ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

ይህ ሁሉ ዓሣ አዲስ አበባ የሚገባው በደቡብ በር ነው። በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው የአዳማ ፈጣን መንገድ ሳይመጣ በፊት ደግሞ ከሞጆ፣ ደብረ ዘይት፣ ዱከም፣ ገላን፣ አቃቂ አልፎ በአብዛኛው በቃሊቲ በኩል ነበር የሚገባው። ቃሊቲ መቼም የፍተሻ ሰፈር ነው። ጉምሩኩ እዚያ ነው፤ ሾፌሩ የሚፈተነው እዚያ ነው፤ ሰው ታስሮ የሚጠበቀውም እዚያ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ከርቸሌ ፈርሶ ቦታው ለአፍሪካ ኅብረት ሲሰጥ፣ ለአዲስ አበባ ሰው «እስር ቤት» ማለት ቃሊቲ ማለት ሆነ። በዚያው ሰሞን የታሰረ ዘመድ ለመጠየቅ ስንቅ ይዤ ወደዚያ እመላለስ ነበር። ስለ ዓሣ የማውቀውን ቁም ነገር ያገኘሁት ከሆቴል አይደለም፤ ከዚያ ሰልፍ ነው።

ሰው ሲታሰር እንኳንስ ሌላው፣ ሆዱም ይታሰራል። ጾም ሲሆን ደግሞ የባሰ ነው። በዐቢይ ጾም ሰሞን በሰልፉ ላይ ከሽሮው፣ ከምስሩና ከጎመኑ መካከል ዓሣ የያዙ ሴቶች ይኖሩ ነበር። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ እተዋለሁ፤ እኔ የማወራው ስለ አንዲት እናት ነው። ልጇ ታሟል፣ ከስቷል፣ መድኃኒት ይወስዳል፤ ነፍስ አባቷን ጠይቃ፣ ለእሱ ዓሣ ይዛ መጥታለች። ከማለዳ ጀምራ ነው የተሰለፈችው። ፀሐዩ ከፍ እያለ ነው። ሰልፉ እስኪደርሳት ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ አታውቅም። ውስጥ ከገባ በኋላ መቼ እንደሚበላም አታውቅም። ማቀዝቀዣ የለ። ብቻውንም አይበላውም፤ እዚያ ቤት የመጣ ስንቅ ይቋደሱታል እንጂ ጓዳ አይገባም። እንግዲህ ያ ዓሣ ቢበላሽ የሚታመመው አንድ ሰው ሳይሆን ማዕዱን የቀረበ ሁሉ ነው።

እኚህ ሴት አንድ ቀን እኔ ከምግብ ቤት አስጠቅልዬ የያዝኩትን የዓሣ ኮተሌት አይተው፣

«አንተ ልጅ፣ ምንድነው የያዝከው?» አሉኝ።

«ዓሣ ነው እማማ።»

«ጭንቅላቱን አይተሃል?»

ከምግብ ቤት መሆኑን ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀጥለው የተናገሩትን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

«ልጄ፣ እቤትህ ቢሆን ቢሸትህ ትደፋዋለህ። እነሱ የት ይደፉታል? ከዘመድ የመጣ ነው ብለው ይበሉታል።»

ስለ ምግብ ጥራት ብዙ ስብሰባ ተካፍዬአለሁ፤ ብዙ ወረቀት አንብቤአለሁ። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አላገኘሁም። ምግብ የሚያቀርብ ሰው ኃላፊነት የሚጀምረው በይው እምቢ ማለት ከማይችልበት ቦታ ነው። እስረኛው እምቢ አይልም። ሕፃኑ እምቢ አይልም። ሆስፒታል የተኛው እምቢ አይልም። ሠርግ የተጠራው እንግዳም ይሉኝታ ይዞት እምቢ አይልም። የምግብ ቤት ደንበኛ እንኳ፣ አለቃውን ጋብዞ የተቀመጠ ሰው፣ ቢሸተውም ዝም ብሎ ይውጣል።

ሴቶቹ ታዲያ የራሳቸው ሥርዓት ነበራቸው። ዓሣውን ሙሉውን ነው የሚገዙት፣ ያውም ማለዳ። ራሳቸው ይገፍፉታል፣ ያጥቡታል፤ ጨውና ሎሚ ይነሰነሳል። ከዚያ እስኪደርቅ ይጠበሳል። ትኩስ እያለ አይከደንም፤ ሲከደን ላብ ያልበዋል፤ ያላበው ዓሣ ቶሎ ይበላሻል ይላሉ። ሲቀዘቅዝ በወረቀት ይጠቀለላል እንጂ በፌስታል አይታፈንም። ወጥ የሆነ ዓሣ አይወስዱም። ለምን ሲባሉ፣ ቅመም ለትኩስ ዓሣ ማጣፈጫ፣ ለሰንባች ዓሣ ግን መሸፈኛ ነው ይላሉ። ስንት የከተማችን ጉላሽ በዚህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ይፈርሳል!

በሩ ላይ ደግሞ ሌላ ሥርዓት አለ። በብዙዎቹ ማረሚያ ቤቶቻችን እንደተለመደው፣ ስንቅ ያመጣ ሰው ሳህኑን ይከፍታል፣ ይፈተሻል፣ ከዚያም «ቅመስ» ይባላል። ያመጣኸውን አንተው ቀድመህ ትጎርሳለህ። ሥርዓቱ የወጣው ለጥበቃ እንጂ ለጣዕም እንዳልሆነ ይገባኛል። ግን እንዴት ያለ ደንብ ነው! ነገሩም አዲስ አይደለም። ጠላ የሚያሳልፍ ሰው ቀድሞ በመዳፉ ጠብ አድርጎ የሚቀምሰው፣ ወጥ ሠሪዋ ከድስቱ የምትቀምሰው ለዚህ አይደል? «እኔ ያልደፈርኩትን አንተ አትበላም» ማለት ነው። ከአቃቂ እስከ ፒያሳ ባለው ከተማ ምግብ ያቀረበ ሰው በግዴታ የሚቀምሰው ማረሚያ ቤት በር ላይ ብቻ መሆኑ ይገርማል። የምግብ ቤቱ ባለቤት ማታ በሦስት ሰዓት ከፍሪጅ የወጣውን የዓሣ ፊሌቶ፣ ደንበኛው ፊት ቆሞ ቅመስ ቢባል ስንቱ ይቀምሰው ይሆን?

እስካሁን ያወራሁት ስለ ትኩስነት ነው። ትኩስነት ግን የታሪኩ ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ ወቅት ነው፤ እዚህ ላይ ነገሩ ከሆድ አልፎ ወደ ሐይቁ ይሄዳል።

ዓሣ እንደ ሽንኩርት አይደለም፤ የሚወልድበት ጊዜ አለው። ቆሮሶ ዓመቱን ሙሉ ሊራባ ይችላል፤ ግን የሚበረታባቸው ወራት አሉ። በሐዋሳ ሐይቅ የተደረጉ ጥናቶች ከእነዚህ ወራት አንዱ ክፍል በበጋው ማብቂያ፣ ከጥር እስከ መጋቢት ገደማ እንደሚውል ያሳያሉ። ይህ ምን ጊዜ ነው? ዐቢይ ጾም የሚገባበት ነዋ! ከተማው በሙሉ «ዓሣ! ዓሣ!» የሚልበት፣ ነጋዴው ሐይቁ ዳር መኪናውን አቁሞ የሚያድርበት፣ ዋጋው ሰማይ የሚነካበት ወቅት። የቆሮሶን ነገር የሚያውቅ ሰው ደግሞ አንድ የሚያሳዝን ነገር ያውቃል። እናቲቱ ቆሮሶ እንቁላሎቿን በአፏ ይዛ ነው የምትፈለፍለው። ጫጩቶቹ እስኪወጡና እስኪጠነክሩ ድረስ አፏን ዘግታ ትጠብቃቸዋለች፤ በዚያ ጊዜ ምግብ አትበላም። እንግዲህ እኛ ስንጾም እሷም ትጾማለች ማለት ነው። መረብ የያዛት እናት አፏ ውስጥ ካለው ትውልድ ጋር ነው የምትወጣው።

ወደ ሰሜን ስንሄድም ያው ነው። ጣና በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ ቢያንስ 15 ዓይነት ነጭ ዓሣዎች አሉት፤ ሳይንቲስቶቹ ላቤኦባርበስ የሚሏቸው። ከእነዚህ በርካቶቹ ክረምት ሲገባ ከሐይቁ ወጥተው በጉማራ፣ በርብና በመገጭ ወንዞች ወደ ላይ ይዋኛሉ፤ እንቁላላቸውን የሚጥሉት በጠጠሩ ላይ በሚሮጥ ውኃ ነው። ጉዞው የሚበረታው ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ነው። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ደግሞ ጾመ ፍልሰታ ነው። የከተማው ፍላጎት በሚያድግበት ሰሞን ዓሣው በወንዙ አፍ ተጨናንቆ ያልፋል፤ መረብ የዘረጋ ሰው በአንድ ሌሊት ያፍሰዋል። አጥማጁን አልወቅስም፤ ልጆች አሉት፤ ዓሣው ራሱ በሩ ድረስ መጥቶለታል። ውጤቱ ግን ይኸው ነው። የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ጣና የገባው በ1978 ዓ.ም. ነው። በአውሮፓውያኑ 1990ዎቹ ውስጥ፣ በዐሥር ዓመት ገደማ፣ የትልልቆቹ ነጭ ዓሣዎች ብዛት በሦስት አራተኛ ያህል እንዳሽቆለቆለ ተመራማሪዎች መዝግበዋል። የጫሞ ናይል ፐርችም ዕጣው ከዚህ ብዙም የተለየ አልሆነም። አንድ ዘመን ሰው የሚያህል ዓሣ ይወጣበት የነበረው ሐይቅ፣ ገና ያልወለዱ ጩጬዎች በመረብ የሚለቀሙበት ሆነ።

ሕግ የለም እንዳትሉኝ፣ አለ። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ቆይቷል፤ የአማራ ክልልም በዚያው ሰሞን የራሱን አውጥቷል። ዓሣ የሚጠመድበትና የማይጠመድበት ጊዜ እንዲለይ፣ የመረቡ ዐይን ጩጬውን የሚያሳልፍ እንዲሆን መንገዱ ተጠርጓል። ግን ሕጉን ሐይቁ ዳር ብቻ ቆሞ ማስከበር አይቻልም። መረቡን የሚስበው አጥማጁ ብቻ አይደለም፤ ሌላኛውን ጫፍ የያዘው ሜኑው ነው። አዲስ አበባ ላይ ዓመቱን ሙሉ «ዓሣ ጉላሽ አለ» የሚል ወረቀት እስከተለጠፈ ድረስ፣ ጉማራ ወንዝ አፍ ላይ ሌሊት መረብ ይዘረጋል።

ሌላው ዓለም ይህን እንዴት አደረገው? አውሮፓ ኅብረት በ2013 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ደንብ ትኩስ ዓሣ የሚሸጥ ነጋዴ የዓሣውን ስም፣ የተጠመደ ወይም የተረባ መሆኑን፣ የተያዘበትንም ውኃ ጽፎ እንዲለጥፍ ግድ ብሎታል። የፈረንጆቹ ሀብት ነው የሚለኝ ካለ ደግሞ ጎረቤታችንን እይ። ታንዛኒያ በ2024 (እ.ኤ.አ.) ታንጋኒካ ሐይቅ ላይ በድርሻዋ ከግንቦት አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ዓሣ ማጥመድን ዘግታለች፤ ሦስት ወር ሙሉ። አጥማጁ ተቸገረ፣ ከተማው አጉረመረመ፣ ሐይቁ ግን እፎይ አለ። እኛ በጾም ሥርዓታችን ለዓመቱ ወራት የምንበላውንና የማንበላውን ከፋፍለን የኖርን ሕዝብ ነን። በዓመት ውስጥ ሥጋና ቅቤ የማይነካበትን ቀን ብትቆጥሩት ከሁለት መቶ ያልፋል ትሉ ይሆናል። ታዲያ ለእንዲህ ዓይነቱ ሕዝብ «ይህ ወር የቆሮሶ አይደለም» ማለት ምን ይከብደዋል?

የምግብ ቤት ባለቤቶቹም የሚሉት አላቸው፤ መስማት ተገቢ ነው። «እኛ ምን እናድርግ? ደንበኛው ይፈልጋል፤ የለም ካልነው ወደ ጎረቤት ይሄዳል። ነጋዴው ፊሌቶ ያመጣልናል፤ እኛም ፊሌቶ እንገዛለን። ሙሉውን ዓሣ ብንገዛ ሲሶው ነው የሚበላው፤ ለሁለት ሲሶው ማን ይከፍለናል?» ይላሉ። ክርክራቸው ውኃ አያፈስም አልልም። የቤት ኪራዩን፣ የመብራት መጥፋቱን፣ የዘይቱን ዋጋ እናውቃለን። ግን ሁለት ሲሶው ይጣላል ያለው ማነው? ከጭንቅላትና ከአጥንት የሚወጣ ሾርባ ከፊሌቶው ይጣፍጣል፤ ሐይቅ ዳር ያደገ ሰው ይህን ያውቃል። ሙሉ ዓሣ የገዛ ሰው ደግሞ የገዛውን አይቶ ገዝቷል፤ ከነጋዴው ጋር ሲከራከር ማስረጃ አለው። ፊሌቶ የገዛ ሰው የሚከራከረው በምን አፉ ነው?

በረዶ የሆነ ዓሣም ነውር አይደለም። በደንብ የቀዘቀዘ ዓሣ በፀሐይ ከተንገላታ «ትኩስ» ዓሣ በብዙ ይሻላል። ነውሩ የቀዘቀዘውን አቅልጦ «የዛሬ ጠዋት» ማለት ነው። አምባዛም ነውር አይደለም፤ በትክክል ለሠራው ጥሩ ዓሣ ነው። ነውሩ አምባዛውን ናይል ፐርች ብሎ ማስከፈል ነው። ዱባ ዓሣም አጥንት ቢበዛው ለዝዋይ ሰው ስንት ቀን አብልቷል! ከቆሮሶው ላይ ጫናውን ለማቅለል እንዲያውም እነዚህን በስማቸው ጠርቶ፣ በዋጋቸው ሸጦ፣ በሜኑ ማስተዋወቅ የወጥ ቤት ሰዎች ሥራ ነበር። እኔ ከአንድ ጥሩ ምግብ ቤት የምጠብቀው ይህን ነው፤ የሸክላ ሳህንና የተጣጠፈ ናፕኪን አይደለም።

ከደንበኛውስ? ከእኛስ? ሦስት ጥያቄ ብቻ። ዓሣው ምንድነው? ከየት ነው? መቼ መጣ? አስተናጋጁ ካላወቀ ወጥ ቤት ሄዶ ይጠይቅ። ወጥ ሠሪው ካላወቀ ባለቤቱን ይጠይቅ። ባለቤቱ ካላወቀ ሽሮ ይታዘዝ፤ ሽሮ ምን አለው! መጀመሪያ ይስቁብን ይሆናል። ሥጋ ቆራጩም አንድ ዘመን ስቆ ይሆናል፤ ዛሬ ግን ሳትጠይቁት «የቦረና ነው ጌታዬ» ብሎ ይጀምራል። «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» የሚል ተረት እንዳለን አልዘነጋሁም። ዘንዶ ይወጣል ተብሎ ግን አይቀርም፤ ሳይጎረጎር የቀረው ዘንዶ ሳህናችን ላይ ተጠብሶ እየመጣ ነው።

ያኔ ከቃሊቲው ሰልፍ ቆሜ የማየው ሌላ ነገርም ነበር። ዓሣ የጫኑት ኢሱዙዎች ከዝዋይ ወደ ከተማ ይወጣሉ፤ በዚያው መንገድ ደግሞ ከቃሊቲ ወደ ዝዋይ ማረሚያ ቤት የሚዛወሩ ሰዎች ይወርዳሉ። ዓሣው ሐይቁን ለቆ ወደ ሰው፣ ሰው ደግሞ ሰውን ለቆ ወደ ሐይቁ። ዘመድ ወደ ዝዋይ የተዛወረባቸው ቤተሰቦች በልቅሶ መካከል አንድ መጽናኛ ነበራቸው፤ «እዚያስ ቢያንስ ዓሣው ትኩስ ነው» ይሉ ነበር። ሳቅም ልቅሶም የሆነ ንግግር ነው። ግን እውነት አለው። በዚያ ሰልፍ ላይ የነበሩት ሴቶች ትኩስ ዓሣ የት እንዳለ፣ መቼ እንዳለ፣ እንዴት እንደሚለይ ያውቁ ነበር። ያወቁት ትምህርት ቤት ገብተው አይደለም፤ የሚበላላቸው ሰው ስለሚያሳስባቸው ነው።

በዘመኔ ካየኋቸው የምግብ ቤት ማስታወቂያዎች ሁሉ ልቤን የነካው አንድ ዝዋይ መንገድ ዳር ያየሁት ነው። ትንሽ ቤት ናት። በሯ ላይ በጠመኔ የተጻፈባት ጥቁር ሰሌዳ ቆማለች፤ ጽሑፉ ሁለት ቃል ነው፤ «ዓሣ የለም»። ጀልባው ባዶውን ተመልሶ ይሁን፣ ወቅቱ ይሁን፣ በረዶ አልቆ ይሁን አልጠየቅሁም። ባለቤቲቱ ከሌላ አምጥታ፣ ዱቄት አልብሳ፣ ፊሌቶ ብላ ልትሸጥልኝ ትችል ነበር፤ አላደረገችውም። እኔም ገብቼ ሽሮዬን በላሁ፤ ያለ ጥርጥር በላሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ያንን ሰሌዳ በሩ ላይ የሚያቆም የዓሣ ቤት ሲገኝ፣ «ዓሣ አለ» ሲልም ያን ጊዜ አምነዋለሁ።